የባለቤት ፊርማ

ሰኞ ሐምሌ 1፣ ጠዋት 12፡30

ደግሞ የታክሲ ሰልፍ። ዝናብ። ቆሜ ነው የምጽፍብሽ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። የፋብሪካችን ሰርቪስ አሁን በፊቴ አለፈ። ባዶ ወንበር አለው፣ ክፍያ የለውም፣ መብቴም ነው። አልገባበትም። መሪውን የያዘው ግርማ ነው። ከኪሴ እየከፈልኩ ቂሊንጦ የምሄደው የእሱን ማጅራት ላለማየት ነው፤ ይኸው ሰባት ወር። በመስኮት አየኝና ጡሩምባ ነፋ። ሰላምታ ይሁን ሹፈት እሱ ያውቃል። ይንፋ።

ምሳ ሰዓት

አንቺን ከግምጃ ቤት ነው ያነሳሁሽ። ሽፋንሽ ላይ «የብልሽት መዝገብ» ይላል። ስሙን ወደድኩት። ሥራዬ ነው፦ የስፌት ጥራት ተቆጣጣሪ። ቀኑን ሙሉ የተዛነፈ ኮሌታ፣ የዘለለ ስፌት ስለቅም እውላለሁ። አጠገቤ የተኛውን ብልሽት ግን አሥራ አንድ ዓመት አላየሁትም። ሽማግሌ ልኮ ያገባኝ ሰው። ወረቀት የለንም፤ «ለምን ይጠቅማል?» ብሎኝ እኔም እሺ ብዬ።

ከእናቱ ግቢ ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ሲያስወጣኝ ያለውን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ። የዚህ ቤት ባለቤት እኔ ነኝ አለ። አፉን ሞልቶ። ያው አፍ እኮ ነው ሰው ፊት «ባለቤቴን ተዋወቋት» ሲል የኖረው! እሺ። ባለቤትነት ይሄ ከሆነ እኔም ባለቤት እሆናለሁ። ቤት እገዛለሁ። ትንሽም ብትሆን፣ በስሜ። አከራያታለሁ። ከዚያ ሁለተኛ። በሰርቪሱ መንገድ ዳር ትሁንልኝ እንጂ ሌላ አልልም፤ በየቀኑ እያያት ይለፍ።

ሐሙስ ሐምሌ 4፣ ማታ 1፡00

መምህር አገኘሁ። ጋሽ ሸምሱ፣ የስልጤው ባለሱቅ፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ አላቸው። አባቴ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ወዳጁ ነበሩ። ሱቁ የራሳቸው ነው፣ ሁለት ቤት ደግሞ ያከራያሉ፤ አንዳቸውንም ሳይፎክሩ ነው የገዙት። ከሥራ መልስ ሄድኩ። ሳሙና እየደረደሩ አስተማሩኝ። ለማን ነው የምትገዢው አሉኝ። ለራሴ ስል ሳቁ። ለራስሽ ከሆነ ቀለሙን ታያለሽ፣ ለተከራይ ከሆነ ቧንቧውን እይ አሉ።

አምስት ጥያቄ አስያዙኝ። ጣሪያው ዝናብ በዘነበ ማግስት እንዴት ነው? ውሃ እስከ ስንተኛ ፎቅ ይወጣል? (ይሄ ዘበኛው እንጂ ደላላው አይጠየቅም።) ጎረቤት በስንት ነው የተከራየው? ዋናው ካርታ የታለ፣ ዕዳና እገዳስ አለበት? አምስተኛው፦ የሻጩ ባለቤት አብራ ትፈርማለች ወይ? እሷ ካልፈረመች ቤት ሳይሆን ክርክር ነው የገዛሽው አሉ።

ኮንዶሚኒየም አልተመዘገባችሁም ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተመዝግበን ነበር። በእሱ ስም። በየወሩ ከደሞዜ አንስቼ ለቁጠባው እሰጠው ነበር፣ ዕጣው ግን አልወጣልንም። ጋሽ ሸምሱ ሳሙናቸውን ትተው አዩኝ። «አልወጣም አለሽ?» አሉ። አዎ። ወደ ሳሙናቸው ተመለሱ።

እሁድ ሐምሌ 7

የመጀመሪያ ቤት አየሁ። ስቱዲዮ፣ አራተኛ ፎቅ። አቤት ሴራሚኩ! ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ። ልቤ ጠፋ። ቀብድ ልክፈል ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት ጋሽ ሸምሱ ክንዴን ያዙኝና ቧንቧውን ክፈቺ አሉ። ከፈትኩ። አየር ተነፈሰ። ዘበኛው ውሃ እዚህ ፎቅ ከደረሰ ሁለት ወሩ ነው አለ። ደላላው ዘበኛውን በዓይኑ ሊውጠው። ሸሚዝ ቢሆን ገና ከሩቅ በጣልኩት ነበር፤ ቤት ሲሆን ዓይኔን ምን እንደጋረደኝ እንጃ። ጋሽ ሸምሱ ምን እንደጋረደኝ ነገሩኝ፦ ሴራሚኩን ስታዪ ግርማ ሲያየው ነው የታየሽ አሉ። አፈርኩ። እውነት ነው።

ማታ ስገባ አከራዬ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እሁድ እሁድ ከሽማግሌ ጋር የት ነው የምትዞሪው አሉ። ቤት ልገዛ ብል አላመኑም። ደንቡን ደግመው አነበነቡልኝ፦ ወንድ እንግዳ ከዚህ በር አያልፍም፤ ወንድም ነኝ ቢል፣ ያጎት ልጅ ነኝ ቢል፣ አያልፍም። ስገባ ያላገባሁ ነኝ ብዬ ነበር። ምን ልበል ታዲያ?

እሁድ ሐምሌ 14፣ ከሰዓት 9፡00

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ጠዋት ሌላ ቤት ሊያሳየን ደላላው ጠራን። ባለ አንድ መኝታ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አድሮ ጣሪያው ደረቅ። ቧንቧ ከፈትኩ፣ ውሃ። ለአንዲት ጎረቤት ኪራይ ጠየቅኩ፣ ነገረችኝ። ተከራዩ ባለፈው ወር ወጥቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ጋሽ ሸምሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸው ሲነቀንቁ ደህና ነው ማለት ነው። ከአቅሜ በላይ ነው፣ ግን ለመማር ብዬ ወረቀቱን ጠየቅኩ። ደላላው ስልኩን አወጣ። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ሻጩም ያላገባ ነው፣ የሚስት ፊርማ ምናምን ጣጣ የለውም አለ። ፎቶዎቹን አሳየኝ። አንደኛው ካርታ። ሁለተኛው ከወረዳ የወጣ ያላገባ ማስረጃ። ማስረጃው ላይ ጉርድ ፎቶ።

ግርማ።

ያን ፎቶ እኔ ነኝ አብሬው ሄጄ ያስነሳሁት። ክራባቱን እኔ ነኝ ያሰርኩለት።

ዕጣው ወጥቷል። ድሮ ወጥቷል! ከደሞዜ እያነሳሁ የሰጠሁት ቤት ሆኗል፣ ቤቱን ደብቆ ለዓመታት አከራይቶታል፣ ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ እየበላ። ምስክር ይዞ ሄዶ አላገባሁም ብሎ ሲምል ምሳውን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። መሸጫው ጊዜ ሲደርስ እኔን በከረጢት። ወይ ግርማ!

ደላላውን አመሰገንኩ። ጥርሴን ነክሼ ደረጃውን ወረድኩ። ጋሽ ሸምሱ ብቻ ገባቸው። ሱቃቸው ወስደው ለስላሳ ከፈቱልኝ።

ማክሰኞ ሐምሌ 16

ፈቃድ ወስጄ ፍ/ቤት ሄድኩ። አጥሩ ሥር ማመልከቻ የምትጽፍ አንዲት ሴት አለች፣ ጎበዝ። ወረቀት ባይኖርም በሽማግሌ ተጋብታችሁ ሰው ባልና ሚስት ብሎ ካወቃችሁ ጋብቻ ነው አለች። አብራችሁ ስትኖሩ የተገኘ ቤት በእሱ ስም ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ነው የሚጀመረው፣ ለብቻዬ ነው የሚለው እሱ ያስረዳ። ሽያጩንም ማሳገድ ይቻላል። ማስረጃ ግን አምጪ፤ የእድር መዝገብ፣ ምስክር። ከሁሉ የሚሻለው ከገዛ አፉ «ባለቤቴ ናት» ሲል የሰማ፣ ዘመድሽ ያልሆነ ሰው ነው አለችኝ።

ልቤ በአንዴ ፋሲካ ሆነ። ግን ስሚኝ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ዛሬ ላሳግደው እችላለሁ። አላሳግደውም። ጋሽ ሸምሱ ስለ ቀብድ ያስተማሩኝ ትዝ አለኝ፦ ሻጭ ቀብድ ተቀብሎ ቃሉን ካፈረሰ የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። ይሽጥ እንጂ! ገዢ ይምጣለት፣ ቀብዱን ይቀበል፣ ይብላው፣ ጫማ ይግዛበት። ከዚያ እኔ ከች። እግድ። እጥፉን ከየት አምጥቶ እንደሚመልስ አያለሁ።

ጋሽ ሸምሱ ሐሳቤን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ገዢውስ አሉ። የማላውቀው ሰው ነው፣ ይጠይቅ አልኳቸው። ሂሳብ ሊያስታርቁ ነው መሰል ወደ ጓዳ ገቡና ሳይሰናበቱኝ ቀሩ።

እሁድ ሐምሌ 21

የእድር ስብሰባ፣ አቃቂ። ከወጣሁ ወዲህ አልሄድኩም ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ እንደ ጠፋ ልጃቸው ተቀበሉኝ። መዝገቡን ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ በሰው ትዳር አልገባም አሉ። ግርማ ወረዳ ሄዶ አላገባሁም ብሏል ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ለማን ነው ታዲያ ድንኳን የተከልነው?» አሉ። አባቴ ሲሞት ማለታቸው ነው። እድሩ ወጥቶ የቀበረው የአባሉ የግርማ አማች ስለሆነ ነው።

መዝገቡ ተከፈተ። በገዛ እጁ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። አባል፦ ግርማ። ባለቤት፦ ጥሩወርቅ። ሥሩ ፊርማው። አየሽ የሰውየውን ጅልነት? ለወረዳ ዋሸ፣ ለእኔ ዋሸ። እድር ግን መዋሸት አልሆነለትም፤ የሚስት አባት ሲሞት ድንኳን የሚያስተክለው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው እድር ነዋ! ጋሽ ታደሰ ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ ማኅተም አሳረፉበት። ማኅተሙ ላይ እፍ እያሉ ሲያደርቁት አለቀስኩ። በንዴት ነው። ግማሹ በንዴት ነው።

ምስክር ፍለጋ ግን አልቀናኝም። ከጋሽ ታደሰ ሌላ ሁሉም ያዝንልኛል፣ ፍ/ቤት ስል ሁሉም ሥራ ይበዛበታል።

ማክሰኞ ሐምሌ 23፣ ምሳ ሰዓት

ገዢዋ ተገኘች። የማላውቃት አይደለችም።

ሃና። ከገባች ሁለት ወር ያልሞላት፣ መስመር ሦስት ላይ አንገትጌ የምትሰፋ ልጅ። እጇ ንጹሕ ነው፣ ብልሽት አግኝቼባት አላውቅም። ካፍቴሪያ ውስጥ ጠጋ አለችና ስለ ቤት ታውቂያለሽ አሉኝ፣ ምን ምን ልጠይቅ አለችኝ። ከባሏ ጋር ያጠራቀሙት አለ፣ የእናቷ ከብት የተሸጠበትም ተጨምሮበታል። ገላን፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሻጩ የሰርቪሳችን ሹፌር ነው፣ ለእህቴ ብሎ ቀንሶልኛል፣ እስኪያልቅ ለማንም አታውሪ ብሎኛል አለች። ቅዳሜ ቀብድ ልትከፍል ነው። እኔ የማን እንደነበርኩ አታውቅም፤ በሰርቪሱ አልሄድ፣ ከየት ታውቅ!

ደብተር አውጥታ ጻፈች። ነገርኳት። ጣሪያ። ውሃ። ኪራይ። ካርታና ዕዳ።

አራት ነገርኳት። አምስተኛውን ዋጥኩት።

እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ጥሩዬ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

ሐሙስ ሐምሌ 25

ምንም አልጻፍኩም ትናንት። ዛሬ ሁለት ጥሩ ሸሚዝ ጥዬ አንድ ብልሹ አሳለፍኩ። አለቃዬ አየኝ።

ዕቅዴ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ቅዳሜ ቀብድ፣ ሰኞ እግድ፣ ከዚያ የግርማ ጩኸት። መሐል ላይ ግን ያቺ ልጅ ቆማለች፣ ደብተሯን ይዛ። ጫማ የሚገዛው በእሷ ብር ነው። ሳይመልስላት ቢቀርስ? ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ የወሰደውን መልሶ አያውቅም። እኔ ካወቅኩ በኋላ ዝም ካልኩ ከረጢቱን የማስርላት እኔ ነኝ። ኤዲያ! በቀሌን እንኳ በሰላም አልበላም?

ዓርብ ሐምሌ 26፣ ከሰዓት 10፡00

ነገርኳት። ከፈረቃ መልስ በር ላይ ያዝኳትና አንድ ጥያቄ ረስቼብሻለሁ፣ ጻፊ አልኳት። የሻጩ ባለቤት አብራ ትፈርማለች ወይ? አላገባም እኮ አለች። ጠይቂው ብቻ፣ አልኳት፤ ግን ለብቻው እንዳትጠይቂው፣ ሰው ባለበት ጠይቂው። የቀረውን አልነገርኳትም።

ሐቁን ልጻፍ? አሳዝናኝ ብቻ አይደለም። ሰው ባለበት ያልኩት ለእሷ ብዬ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ሐምሌ 27፣ ቀን 7፡00

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

እኔ አልነበርኩም፣ ስድስት ሰው ነው የነገረኝ፣ ስድስቱም እየተሻሙ። ሰርቪሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሃና የፊት ወንበር ላይ። ያቺ የዋህ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ጋሽ ግርማ ባለቤትህ አብራ ትፈርማለች አይደል ትለዋለች። ሚስት የለኝም፣ አላገባሁም ይላታል፣ መንገድ መንገዱን እያየ። ከዚያ ከኋላ አንድ የቆራጭ ክፍል ሽማግሌ «ድግስህን የበላነው የማን ነው ታዲያ?» ይላሉ። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። «ጥሩዬስ?» የሚል፣ «ቀለበት መንገድ ላይ ጣላት!» የሚል። ግርማ ማርሽ ስቶ ሞተሩ ጠፋበት አሉ፣ መታጠፊያው ላይ፣ የኋላ መኪና ሁሉ ጡሩምባ እየነፋበት።

ሃና ምሳ ላይ መጣች። ቀብዱን አልከፈለችም። አንቺ ነሽ እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት። ማክሰኞ ለምን አልነገርሽኝም ብላ ዓይኔን አየችኝ። ይህን ብልሽት በስሜ መዝግቢው።

እሁድ ሐምሌ 28፣ ማታ 12፡30

መጣ! እዚህ፣ ኪራይ ቤቴ።

ልብስ እያጠብኩ የውጭው በር ተንኳኳ። ድምፁን ለየሁት። እትዬ አስካለ በሩን ገርበብ አድርገው ደንባቸውን ጀመሩ፣ ወንድ አይገባም፣ ማን ብለህ ነው። ለመነ። ሁለት ደቂቃ አለ። ወንድሟም ቢሆን አይገባም አሉት። ከዚያ ሲጨንቀው፣ እጄ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ በሁለት ጆሮዬ ሰማሁት፦

«ባለቤቷ ነኝ! ባለቤቴ ናት እኮ፣ አሥራ አንድ ዓመት!»

እትዬ አስካለ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

አንዷ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። ብዙ አወራ። ስሙ ጠፍቷል፣ በሰርቪሱ ሰው ይስቅበታል። ትንሽ ነገር ልስጥሽና ምንም ጥያቄ የለኝም ብለሽ ፈርሚልኝ አለ። ወረቀቱን ጽፎ ይዞት መጥቷል፣ እስክሪብቶም ጭምር። ሁሉን አዘጋጅቶ። አርጅቷል። አንዴ አሳዘነኝ፣ ክራባቱን እንዳሰርኩለት ቀን አየሁት። ወዲያው ከረጢቱ ትዝ አለኝ።

እስከ በር ሸኘሁት። እትዬ አስካለ እዚያው ነበሩ፣ ጩኸቱን ሰምታ የመጣች ጎረቤታቸውም አብራቸው። በትህትና፣ በጣም በትህትና ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማነኝ ብሎ ነው የገባው?»

«ባለቤቷ ነኝ ብሎ ነዋ! ባል እያለሽ ላጤ ነኝ ብለሽ ተከራየሽኝ አይደል?» አሉ፣ ተቆጥተው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ፍ/ቤት ቆመው ይህንኑ ይሉልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ለእውነት ከሆነ የትም እላለሁ አሉ፣ ጎረቤታቸውም አብራ ማለች። ግርማ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። እስክሪብቶውን በርጩማው ላይ ረስቶት ሄደ። ይኸው የምጽፍብሽ በእሱ ነው።

ሰኞ ሐምሌ 29፣ ጠዋት 12፡10

ወስኛለሁ። አልፈርምለትም። ከሰዓት ፈቃድ አለኝ፣ ማመልከቻዬ ዛሬ ይገባል፤ የእድሩ ደብዳቤ፣ ጋሽ ታደሰ፣ እትዬ አስካለና ጎረቤታቸው። እንደ ባለቤቱ እቆማለሁ። ቤቱ የጋራ ነው ከተባለ የእሱን ግማሽ ከብድርና ቁጠባ ማኅበራችን ተበድሬ እገዛዋለሁ፣ አከራየዋለሁ፤ ጋሽ ሸምሱ ቧንቧውን አይተውታል። በአንደኛው ባለቤትነቴ ሁለተኛውን አገኛለሁ፣ ያኔ አንደኛውን በፍቺ እመልስለታለሁ፣ ሳላጥበው።

ሃና ኪራይ ፈላጊ ናት። ከጠየቀችኝ አምስቱንም መልስ እሰጣታለሁ።

ዛሬ የታክሲ ሰልፍ ላይ አይደለሁም። ማዶ ነኝ፣ የሰርቪሱ ፌርማታ። መጣ። አየኝ። ጡሩምባ አልነፋም። በሩ ተከፈተ፣ የፊት ወንበሩን ለቀቁልኝ፣ ልክ ከማጅራቱ ኋላ ያለውን፣ ልገባ ነው።